ድሬዳዋ አንድ ድራማ ያየችበት ሰሞን

በዚያን ዘመን ድሬዳዋ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጸጥ ትል ነበር። ባጃጆቹ ያለ ሹፌር ወደ ማደሪያቸው ይገባሉ፤ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎች ሥር ያሉት ወንበሮች ይሞላሉ፤ ሰው ሁሉ መነጽሩን ያደርጋል። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው እሷ ስታለቅስ እሱ ይስቃል። ማንም ማንንም "ምን እያየህ ነው?" ብሎ አይጠይቅም። ነውር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መልሱም ስለማይጥም ነው። "የኔምሽት" የተባለው አገልግሎት ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ድራማ ይሠራለት ነበር። ልቡ ሲመታ፣ ዓይኑ አንድ ቦታ ሲቆይ፣ ሳቁ ሲያመልጠው እያየ፣ የነገውን ክፍል በዚያው ልክ ይቆርጥለታል። የሌላ ሰው ድራማ መስማት የሌላ ሰው ሕልም እንደመስማት ነበር፤ ለባለቤቱ ጣፋጭ፣ ለሰሚው እንቅልፍ።

መህቡባ መጋላ ሰፈር ውስጥ የጣፋጭ ሱቅ ነበራት፤ ሐልዋና በሽሮፕ የሚርስ ጥብስ ሙሽባክ ትሸጣለች። ሃምሳን አልፋለች። ባሏን ከፈታች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ የምትኖረው ከታናሽ እህቷ ከራሕማ ጋር ነው። ራሕማ ኩሽናው ውስጥ ትጠብሳለች፣ መህቡባ ፊት ለፊት ትሸጣለች። መሸጥ ሲባል ግን እንደ ድሮው አይደለም። ደንበኛው ክንዱን ሚዛኑ ላይ ያሳርፋል። የጤና አምባሩ አረንጓዴ ካበራ ሚዛኑ ራሱ የሚገባውን ልክ ያሳያል፤ እሷ ቆርጣ ትሰጠዋለች። ቀይ ካበራ መህቡባ "ለነገ ያድርግልህ" ብላ ታሰናብተዋለች። ሰው ይገባል፣ ክንዱን ያሳርፋል፣ ይበላል፣ ይወጣል። ወሬ የለም። ምን ይወራል?

ወሬ ያለው አንድ ደንበኛ በድሪ ነበር። በድሪ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው፤ መላጣ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሱሪውን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የሚጠቀልል። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ በየቀኑ ከቀትር በኋላ እየመጣ ትንሽ ሐልዋ ይገዛል። አፉ ውስጥ ሲያደርጋት ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ አስተያየቱን ይሰጣል።

"ዛሬ ሄሉ በዝቶበታል።"

"ትናንት አነሰ አልክ።"

"ትናንት አንሶ ነበር፤ ዛሬ በዛ። መሀሉን አጥታችሁታል።"

ከዚያ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጭኑን መትቶ ይስቃል። መህቡባም ትስቃለች። ሲወጣ መንገዱ እስከሚታጠፍበት ድረስ ጀርባውን ታያለች። ነገሩ ይኸው ነው። በዓመታት ውስጥ ከዚህ አልፎ አንድ ቃል አልተባባሉም።

ማታ ማታ ግን መነጽሯን ስታደርግ ካፒቴን ሳላህ አለ። ካፒቴን ሳላህ ከታጁራ ወደብ የሚነሳ የአንዲት አሮጌ መርከብ ካፒቴን ነው። መላጣ ነው። ሱሪውን ይጠቀልላል። ጣፋጭ ሲበላ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሲስቅ ጭኑን ይመታል። ሽቶ የምትሸጥ ሰሚራ የምትባል ሴት ይወዳል፤ ሰሚራም ትወደዋለች፤ ሁለቱም አይናገሩም። ሰሚራ ደግሞ ዘይነባ የምትባል እህት አለቻት። ዘይነባ "እኔ ምን አገባኝ" ትልና ወዲያው ገብታ ታቦካለች። መህቡባ ይህን ድራማ ለማንም ነግራ አታውቅም። ለማን ትነግራለች?

በግንቦት መጨረሻ ሙቀቱ ከልክ አለፈ። ከዚራ ያለው የየኔምሽት ማሽን ቤት ማቀዝቀዣው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተቃጠለ። ማሽኖቹ ተራ በተራ ጠፉ፤ በማግስቱ እንደተነገረው ከዚያ ሁሉ ሺህ ድራማ አንዱ ብቻ ተረፈ። ድርጅቱ የከተማው ሰው ያለ ምሽት እንዳያድር ያቺን አንዷን ለሁሉም ላካት።

መህቡባ ይህን አላወቀችም። እሷ እንደ ወትሮዋ ነበር ያየችው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ፍሰሐ መጡ። ጋሽ ፍሰሐ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እንደ ድሬ ሰው ሁሉ ያለ "አቦ" አፋቸውን አይከፍቱም። ከኋላቸው ሶፊያ ቆማለች፤ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት የሷ ነው። ጋሽ ፍሰሐ ክንዳቸውን ሚዛኑ ላይ እንዳሳረፉ ለራሳቸው አጉረመረሙ።

"አቦ፣ ትናንት ምን ነካው? የኔ ድራማ የባቡር ነበር። እንዴት ያለ ባቡር! ትናንት ተነስቶ አንድ መላጣ ካፒቴን አመጣብኝ።"

ሶፊያ ቀና አለች። "ሳላህ የሚባል?"

"አዎ ሳላህ! አንቺ በየት አወቅሽው?"

"እኔም ጋ መጥቶ ነዋ! እኔ የማየው የሐኪም ቤት ነበር። ተረኛዋ ነርስ በር ስትከፍት ባሕር ሆኖ ጠበቃት።"

መህቡባ ሙሽባኩ ላይ ሽሮፕ እያፈሰሰች ነበር። እጇ እዚያው ቀረ። ሽሮፑ ሳህኑን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠረጴዛው ወደ ወለሉ መውረድ ጀመረ።

"መህቡባ! ፈሰሰኮ!" አለች ሶፊያ።

"አየሁት" አለች መህቡባ። አላየችውም።

ሁለቱ ደንበኞች ግን ወደ ሽሮፑ አልተመለሱም። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ነገር ያዩ ሁለት ሰዎች ተገናኝተዋል፤ እንዴት እንደሚጀመር እንኳን ረስተውታል።

"ያቺ ሰሚራ ግን" አሉ ጋሽ ፍሰሐ፣ "ቆንጆ ናት።"

"ቆንጆ ብትሆን ምን ዋጋ አለው፣ ደደብ ናት! ሰውየው በየቀኑ ሱቋ ድረስ እየመጣ ሽቶ ይገዛል። አንድ ወንድ በየቀኑ ሽቶ ምን ያደርግለታል? ይጠጣዋል?"

"ምናልባት" አለች መህቡባ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ "ሽቶውን ወዶት ይሆናል።"

"አይ መህቡባ! አንቺ ደግሞ!" አለች ሶፊያ፤ ጋሽ ፍሰሐንም ይዛቸው ወጣች። በር ላይ ቆመው እየተጨቃጨቁ ሙሽባካቸውን ጨረሱ። መህቡባ በመስኮት ታያቸው ነበር። ፊቷ እንደ ምጣድ ግሏል።

ድርጅቱ በዚያው ቀን ይቅርታ ጠየቀ። ማቀዝቀዣው እስኪጠገን አንድ ድራማ ለሁሉም እንደሚተላለፍ፣ የድራማው ባለቤት ማንነት ግን በሕግ የተጠበቀ መሆኑን አስታወቀ። ሰው መጀመሪያ ተቆጣ። የኔን መልሱልኝ ያለው ብዙ ነው። በሁለተኛው ማታ ቁጣው ቀነሰ፤ በሦስተኛው ማታ ሰዎች መነጽሩን ትተው የድሮ ትልልቅ ስክሪኖችን ከየዕቃ ቤቱ አውጥተው በረንዳ ላይ ሰቀሉ። መነጽር አድርጎ ከጎረቤት ጋር መጨቃጨቅ አይመችም።

ከተማው ተለወጠ። ፀጉር ቤቶች ራሱን ሊላጭ በመጣ ወንድ ተጨናነቁ። ሱሪ መጠቅለል ፋሽን ሆነ። የገንደ ቆሬ ሰፈር ወጣቶች ስለ ሰሚራ ዘፈን አወጡ፤ ግጥሙ ደካማ ነበር፣ ዜማው ግን ከሰው ጆሮ አልወጣ አለ። የዘይነባ "እኔ ምን አገባኝ" ደግሞ የሁሉ አፍ ማሟሻ ሆነች። ፖሊሱ ለሹፌር አልባው ባጃጅ "እኔ ምን አገባኝ፣ ግን መስመርህን ለቀሃል" ይላል። ሙሽራ ሲሸኝ ይባላል፣ ለቅሶ ቤት እንኳን ቀስ ተብሎ ተብሏል።

አንድ ያልታሰበ ነገርም መጣ። የጤና አምባሮቹ ጭቅጭቅን እንደ ስፖርት ቆጠሩት። እጁን እያወናጨፈ ስለ ካፒቴኑ ሲከራከር ያረፈደ ሰው ሱቅ ሲደርስ አረንጓዴ ያበራለታል። የመህቡባ ሱቅ ከጠዋት እስከ ማታ ሞላ። ሰው ለሁለተኛ ሙሽባክ የሚበቃ ሙቀት እስኪያገኝ እዚያው ቆሞ ይሟገታል። የባሕሩ ትዕይንት ረዘመ፣ አልረዘመም። የሰሚራ ሻሽ ብርቱካናማ መሆኑ ልክ ነው፣ ልክ አይደለም። ዘይነባ ክፉ ናት፣ አይ፣ ለእህቷ አስባ ነው።

"ዘይነባ ባትኖር ድራማው በምን ይቆም ነበር?" ትላለች ራሕማ ከኩሽና ብቅ እያለች። "እዚያ ውስጥ ጭንቅላት ያላት እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹማ ሲተያዩ ውለው ሲተያዩ ያድራሉ። እኔ ምን አገባኝ፣ ግን እውነቱን ለመናገር እሷን የሠራ ሰው ሰው ያውቃል።"

መህቡባ ዞር ብላ ዕቃ ታጥባለች።

ስለ ሰሚራ የሚባለውን ሁሉ ሰማች። ፈሪ አሏት። ኩሩ አሏት። አንዲት ሴትዮ "ይቺስ ተስፋ የቆረጠች ናት፣ እኔ አውቃታለሁ፣ እኔም እንዲህ ነበርኩ" ብላ ዓይኗን በጨርቅ ጠረገች። መህቡባ ያን ዕለት ለሴትዮዋ ሚዛኑ ከፈቀደው በላይ ቆርጣ ሰጠቻት። ስታፍር ትውላለች፤ ነገር ግን ማታ ስትተኛ አንድ የማታውቀው ነገር ደረቷ ውስጥ ይሞቃታል። ለስንት ዓመት ብቻዋን የያዘችውን ነገር ከተማው ሙሉ እየያዘላት ነው።

የሚያስጨንቃት ሌላ ነበር። በድሪ ቀርቷል። ድራማው ለሁሉም ከተላለፈበት ማግስት ጀምሮ አንድም ቀን ብቅ አላለም። መጀመሪያ ሥራ በዝቶበት ነው አለች፤ በዚህ ሙቀት ማቀዝቀዣ የማይበላሽበት ቤት የለም። ከዚያ ግን ጋሽ ፍሰሐ አንድ ጠዋት እየሳቁ "አቦ፣ ይሄ ካፒቴን በድሪን አይመስላችሁም?" ሲሉ፣ ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ "ወላሂ ይመስላል!" ብሎ ሲያወካ፣ ልቧ ወደቀ። አወቀ ማለት ነው። አውቆ አፍሮ ነው የቀረው። ወይም ተናዶ። ወይም ስቆብኝ።

በዚያው ማታ የካፒቴን ሳላህ መርከብ ማዕበል ገጥሟት ጠፋች።

ከተማው ተናወጠ። በሚቀጥለው ማታም አልተገኘችም። ሰሚራ ወደቡ ላይ ቆማ ባሕር ታያለች፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ባሕር ብቻ። በሦስተኛው ቀን ከዚራ የሚገኘው የድርጅቱ ቢሮ በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። ከበሮ ነበር፣ እልልታ ነበር፤ ከርቀት ላየው ሰርግ ይመስላል። "ሳላህን መልሱልን!" ይላሉ። አንድ ሰው በትልቁ "ካፒቴኑን ገድላችሁ ድሬ አትኖሩም" ብሎ ጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ሰው በትንሹ "የሰሚራንም ሻሽ ቀይሩ" ብሎ ጨምሮበታል።

ከቀትር በኋላ ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት አንዲት ወጣት ገባች። አለባበሷ የአዲስ አበባ ነው፤ ላብ አጥምቋታል።

"ወይዘሮ መህቡባ? ሕሊና እባላለሁ። ከየኔምሽት ነው የመጣሁት።" ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ድራማው የእርስዎ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት፤ ደግሞም ልለምንዎት።"

"ምን ብለሽ?"

"አይዘኑብን። እርስዎ ሲያዝኑ ድራማው ያዝናል። እርስዎ ሲፈሩ መርከቡ ይሰጥማል። ሕዝቡ በር ላይ ነው።"

መህቡባ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ሐዘን ደግሞ በትእዛዝ ይቆማል?"

"አይቆምም፣ አውቃለሁ። እንግዲያው ሌላ ምርጫ አለ። የማቀዝቀዣው ጥገና ሲያልቅ ሁሉም የራሱ ይመለስለታል፤ የእርስዎም የእርስዎ ብቻ ይሆናል። ወይም ደግሞ ከፈቀዱ፣ ሰዉ ስለወደደው፣ እንደ አሁኑ ይቀጥላል። አንድ ቃል ብቻ ነው የምንፈልገው። ጥገናውም እስከዛሬ ባልቆየ ነበር፤ ጠጋኙ በጣም ያዘግማል። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ጠዋት የፈታውን ማታ መልሶ ሲገጥም አየዋለሁ። በድሪ የሚባል መላጣ ሰውዬ።"

 ሕሊና "ነገ እመለሳለሁ" ብላ ወጣች።

ኩሽናው በር ላይ ራሕማ ቆማ ነበር። እጇ በሊጥ ተለውሷል።

"ያንቺ ነው" አለች።

መህቡባ ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመረች።

"ዘይነባ እኔ ነኛ።"

"ራሕማ..."

"ቆይ። ትናንት ማታ ከጎረቤቶቹ ጋር ቁጭ ብዬ 'ይቺ ዘይነባ ትልቅ ሰው ናት' ስል፣ አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ነበር። ምነው አልሳቅሽም?"

"አላሳቀኝም።"

ራሕማ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ሊጡ ቀሚሷ ላይ ሲነካ አላስተዋለችም። "እንዲህ ነው የምታይኝ? በየበሩ ቆሜ የማሰናክልሽ?"

"ማሽኑ ነው የሠራው።"

"ማሽኑ ያንቺን ዓይን አይቶ ነው የሠራው። አታታልዪኝ።"

መህቡባ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ እውነቱን ተናገረች። "አንዳንድ ቀን እንዲህ ነው የማይሽ። ግን ዘይነባ የታመመች ለት ሰሚራ ሱቋን ዘግታ አጠገቧ ስታድር አላየሽም? እሱንም የሠራው ያው ዓይን ነው።"

ራሕማ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። ሊጥ ቀረባት። ከውጭ የከበሮው ድምፅ ይሰማል።

"እኔ ምን አገባኝ" አለች ራሕማ በመጨረሻ፣ ራሷን ሰምታ ሳቅ አመለጣትና፣ "ግን ሰውየው ማሽን ቤት ነው ያለው፤ ልጅቷ አሁን ነገረችሽ። ከተማው ሙሉ ሰሚራን 'ተናገሪ' እያለ ጉሮሮው ደርቋል። አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ሳህን ታጥቢያለሽ። ተነሺ! ሻሽሽን ግን ቀይሪ። ብርቱካናማው አያምርብሽም፤ ሰዉ እውነቱን ነው።"

መህቡባ ሻሿን አልቀየረችም። ቀሪውን ግን ሰማች።

ማሽን ቤቱ ከሕዝቡ ጀርባ ነበር። ውስጡ እንደ ምድጃ ይጋረፋል። በረጃጅሞቹ ማሽኖች መሀል በድሪ የዕቃ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ በካርቶን ፊቱን እያራገበ ነበር። ፊት ለፊቱ አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ ሆዱ ተከፍቶ ቆሟል። ሲያያት ብድግ አለ።

"መህቡባ? ምነው፣ በሰላም?"

"ጠፋህ።"

"ጠዋት ገብቼ የምወጣው ማታ ነው። ሱቅሽ ያን ጊዜ ይዘጋል።"

"ጥገናው ይሄን ያህል ከባድ ነው?"

በድሪ በሩን አየ፣ ካርቶኑን አየ። "የሁለት ቀን ሥራ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ከጨረስኩት ሁሉም ወደየመነጽሩ ይገባላ! ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ቤቴን ያንኳኳ ጎረቤት አልነበረም። ባለፈው ሰሞን አራት ሰዎች በሬ ላይ ቆመው 'ካፒቴኑ ይመለሳል ትላለህ?' ብለው ጠየቁኝ። ገብተው አምሽተው ሄዱ። አሁን ይሄን ብሎን አጥብቄ ልመልሳቸው? ደግሞ መርከቧ የት እንደደረሰች ሳላውቅ!"

መህቡባ ሳትወድ ፈገግ አለች።  "ካፒቴኑ አንተን ይመስላል ይላሉ።"

"ሰምቻለሁ። መላጣ ስለሆንኩ ነው። እኔ እንደሱ አልስቅም።"

"ትስቃለህ።"

"ጭኔን እየመታሁ?"

"ጭንህን እየመታህ።"

"ሱሪዬንስ..." ወደ እግሩ አየ። ሱሪው ተጠቅልሏል። ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዓይኑ መጀመሪያ ፊቷ ላይ፣ ከዚያ ብርቱካናማ ሻሿ ላይ ቆየ።

"መህቡባ፣ ይሄ ድራማ የማን ነው?"

መሸሽ ትችል ነበር። በሩ ክፍት ነው። ሰሚራ ብትሆን ትሸሽ ነበር፣ በማግስቱም ከተማው ይሰድባት ነበር።

"የኔ ነው" አለች።

በድሪ ሳጥኑ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ።  መህቡባም ሌላ ሳጥን ፈልጋ ተቀመጠች።

"እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ" አለ። "ሐልዋ አልወድም።"

"ምን?"

"አልወድም። ድሮም ወድጄ አላውቅም። ጥርሴን ያመኛል።"

"ዓይንህን ትጨፍን የለም እንዴ ስትበላ!"

"ሲያመኝ ነዋ የምጨፍነው!"

መህቡባ አየችው። ከተማው ሙሉ ያቺን የካፒቴኑን ዓይን መጨፈን ስንት ቀን እንደተነተናት ትዝ አላት። ሶፊያ የፍቅር ምልክት ናት ብላ ምላ ነበር። ጋሽ ፍሰሐ የሞተች እናቱን አስታውሶ ነው ብለዋል። ሳቋ ከሆዷ ተነሳ፤ እየሳቀች ጎኗን ያዘች፣ ማሽኑን ደገፈች፤ ማሽኑ ሲያቃጥላት ጮኸች፤ በዚህ ጊዜ በድሪ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጭኑን እየመታ ሳቀ።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን በላህ?" አለችው ዕንባዋን እየጠረገች።

"ሌላ ምን ብዬ ልምጣ?" አላት።

በዚያ ማታ መርከቧ ተመለሰች። ሸራዋ ተቀዷል፣ ካፒቴኑ ጢሙ አድጓል፣ ሰሚራ ከነጫማዋ ውኃ ውስጥ ገብታ ተቀበለችው። ከሳቢያን ሰፈር እስከ አሸዋ ገበያ በየበረንዳው እልልታ ተሰማ። ጋሽ ፍሰሐ አልቅሰዋል ተባለ፤ እሳቸው ላብ ነው አሉ። በማግስቱ ሕሊና ስትመጣ መህቡባ "ይቀጥል" አለች። በድሪም ብሎኑን አጠበቀ፤ ማቀዝቀዣው በሰላም ተነሳ። ለሚፈልግ ሰው የግሉ ተመለሰለት፤ የጋሽ ፍሰሐ ባቡርም መጥቶ ጣቢያው ላይ ቆመላቸው። እሳቸው ግን በረንዳቸውን አልለቀቁም። አብዛኛው ሰው እንደሳቸው ነበር።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ታገሰ። ካፒቴኑና ሰሚራ ተጋብተዋል፤ ደስታ ነው፣ እሺ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ምንም የሚሆን ነገር ጠፋ። ማዕበል የለም። ጠላት የለም። ዘይነባ ሳትቀር ሻይ አፍልታ እየመጣች አብራቸው ትቀመጣለች። ተመልካቹ በአዲስ ተስፋ ይቀመጥና እያዛጋ ይነሳል።

አንድ ጠዋት ጋሽ ፍሰሐ ክንዳቸውን ሚዛኑ ላይ በኃይል ጣሉት።

"አቦ፣ ይሄ ድራማ አለቀለት! ትናንት አንድ ሰዓት ሙሉ ምን እንዳደረጉ አይታችኋል? የመጋረጃ ቀለም መረጡ! አንድ ሰዓት! እሱ አረንጓዴ ይላል፣ እሷ ሰማያዊ ትላለች፤ ከዚያ ይሳሳቃሉ። ምኑ ነው የሚያስቀው?"

"በመጨረሻ የቱን ያዙ?" አለ በድሪ።

"ምኑን አውቄ! እንቅልፍ ወሰደኝ።"

"እውነትዎን ነው ጋሼ" አለች መህቡባ። "እኔም አልጨረስኩትም።"

"ድርጅቱም ገብቶታል" አለች ራሕማ ከኩሽና። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፣ ጫማዋ ተወልውሏል። "የድራማውን ባለቤት በትሕትና ለምነው አስለቅቀዋታል አሉ። የመጀመሪያውን ቃል ሳይጨርሱ እሺ አለቻቸው አሉ። ዛሬ ሌላ ሰው ሊመርጡ ነው፤ የሚፈልግ ሁሉ ቢሮ ድረስ ይምጣ ተብሏል። እኔ ምን አገባኝ፣ ግን ቀድሜ ብደርስ ይሻላል።" ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ጋሽ ፍሰሐ ሙሽባካቸውን እያኘኩ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ያቺን ባለቤት ባገኛት አንድ ነገር እጠይቃት ነበር። እንደዚያ አስለቅሳን፣ እንደዚያ አስጨንቃን፣ በመጨረሻ ምን ነካሽ? ምን ሆንሽ? እላት ነበር።"

መህቡባ ቢላዋውን ለበድሪ አቀበለችው። በድሪ ከመደርደሪያው ወዲህ፣ ከእሷ ጎን ቆሞ፣ ሽርጥ ታጥቆ ሐልዋ ይቆርጥ ነበር።

"ደስ ብሎኝ ነው ትልዎታለች፣ ጋሼ" አለች።

ጋሽ ፍሰሐ ማኘካቸውን አቆሙ። እሷን አዩ፣ በድሪን አዩ፣ ሽርጡን አዩ፣ መልሰው እሷን አዩ።

"አቦ!" አሉ።